ቦታ ሞልቶ ስም የሚቆርጥ መስኮት

ነገሩ የተጀመረው አዳማ ውስጥ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። ከመቂ የመጡ አንዲት እናት ለተጨማሪ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላቸው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሱ፣ ሚኒባስ ያዙ፣ ወረፋ ጠበቁ፤ ማታ ሳይታከሙ ተመለሱ። የሄዱበት ሆስፒታል መዝጋቢ ወረቀቱን ከመታወቂያቸው ጋር ሲያስተያይ የአያት ስም አልገጠመለትም። መታወቂያው «ገብረሥላሴ» ይላል፤ የሪፈር ወረቀቱ «ገብሬ» ይላል። «አስተካክለው ይምጡ» ተባሉ።

ወረቀቱን በእጃቸው የጻፉት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ናቸው። ክሊኒኩ ውስጥ ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ካርድ በቁጥር እየደረደሩ ዓመታት የሠሩ፣ የበሽተኛን ፊት አይተው የካርዱን መደርደሪያ የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። «እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ገብረ» ነበር፤ ከዚያ ግማሽ ፊደል፣ ከዚያ የሳጥኑ ጠርዝ። «ገብረ» ብቻውን ስም አይሆንም። ስለዚህ እትዬ ማንም አማርኛ የሚያነብ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ «ገብሬ» አሉት።

ሶፍትዌሩን የሠራው ልጅ ተጠርቶ በባጃጅ መጣ። የእናትየዋን ካርድ ከፈተ፣ የስሙ ሳጥን ውስጥ ገባና ወደ መጨረሻው የሚወስደውን ቁልፍ ተጫነ። ጽሑፉ ወደ ግራ ተንሸራተተና «ሥላሴ» ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ስሙ እኮ ሙሉ ነው።»

«የቱ ጋ?»

«ውስጥ አለ።»

«ውስጥ ያለውን እኔ በምን ዓይኔ ልየው ልጄ?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። ማሽኑ ስሙን አልረሳም፣ አላጠፋም፣ አልበላም። መስኮቱ ብቻ አላሳየም። ግን የሚጻፈው የሚታየው ነውና፣ ስክሪን ላይ የተደበቀ ስም እትዬ እስክሪብቶ ላይ ሲደርስ የጠፋ ስም ሆነ። የእናትየዋም የሌሊት ጉዞ ከንቱ ሆነ።

የአንድ መስኮት ስፋት ምን የወቅቱ ጉዳይ ይሆናል የሚል አንባቢ ይኖራል። በየቢሮው መዝገብ ከወረቀት ወደ ስክሪን እየገባ ባለበት ጊዜ፣ ስሙም ቋንቋውም የልደት ቀኑም በእነዚህ ሳጥኖች በኩል የሚያልፍ ሕዝብ የሳጥኑን አሠራር ቢያውቅ አይከፋም። ደግሞም ከባድ ነገር አይደለም።

የኮምፒውተር መስኮት ከውጭ ሲታይ አንድ ነገር ይመስላል። ከውስጥ ግን ሳጥን በሳጥን ነው። ትልቁ መስኮት ውስጥ መያዣዎች አሉ፤ በመያዣዎቹ ውስጥ ሌሎች መያዣዎች፤ መጨረሻ ላይ ሰው የሚያያቸው ነገሮች አሉ፦ «ስም» የሚለው ጽሑፍ፣ ስሙ የሚሞላበት ባዶ ሳጥን፣ «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ። በሙያው ቋንቋ መያዣው ወላጅ፣ በውስጡ ያለው ልጅ ይባላል። የመያዣው ሥራ ልጆቹን ማስቀመጥ፣ መስኮቱ ሲሰፋና ሲጠብ ደግሞ ቦታውን ማከፋፈል ነው።

ልጁ የተጠቀመበት መሣሪያ ቲኬ ይባላል። ጆን ኦስተርሃውት የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ መምህር የሠራው ሲሆን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ አንጋፋ ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ተጨማሪ ነገር ማውረድ አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት በሜጋባይት ለሚገዛ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቲኬ ልጆችን በወላጃቸው ውስጥ የሚያስቀምጥባቸው ሦስት መንገዶች አሉት፤ ፕሌስ፣ ፓክ እና ግሪድ።

በፕሌስ ሁሉንም የሚወስነው ሠሪው ነው። ይህ ሳጥን ከግራ 120፣ ከላይ 80፣ ስፋቱ 200 ፒክስል ይሁን ይላል፤ ይሆናል። ሳጥኑ ውስጥ ማን እንደሚገባ ማንም አይጠይቅም። በፓክና በግሪድ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይጀምራል። መያዣው መጀመሪያ እያንዳንዱን ልጅ ስንት ይበቃሃል ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፉ የራሱን ፊደላት ለክቶ ይህን ያህል ይላል፤ ቁልፉም የራሱን ይላል። መያዣው ይደምርና ለራሱ ወላጅ ይናገራል፤ እሱም ከበላዩ ላለው፤ ጥያቄው እስከ ትልቁ መስኮት ድረስ ይወጣል። መስኮቱም በተጠየቀው ልክ ይከፈታል። ከዚያ ሰው ጠርዙን ይዞ ሲጎትተው፣ የተገኘው ትርፍ ቦታ ከላይ ወደ ታች እየተከፋፈለ ይወርዳል። ጥያቄ ከታች ወደ ላይ፣ ድርሻ ከላይ ወደ ታች ማለት ነው። ስማቸው ይለያይ እንጂ በኪዩትም፣ በጂቲኬም፣ በአንድሮይድም ያለው መሠረታዊ አሳብ ይኸው ነው።

ይህን አሠራር ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም። አዳማ ውስጥ ታፔላ የሚሠራ ሰው ጋ መሄድ ይበቃል። ደህና ታፔላ ሠሪ ቆርቆሮውን ከመቁረጡ በፊት የሚጠይቀው ጽሑፉን ነው። ስንት ቋንቋ? የቱ ከላይ? ቃላቱን ወረቀት ላይ ይደረድራል፣ ረጅሙን ይለካል፣ ከዚያ ነው ቆርቆሮ የሚቆርጠው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ዳር ግን ሌላ ዓይነት ታፔላም ይታያል፦ መጀመሪያ ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተቆረጠ፣ አፋን ኦሮሞው በኋላ ጠርዙ ላይ በቀጭን ፊደል የተጠጋጋ። ሠሪው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ቆርቆሮው ቀድሞ ስለተቆረጠ ነው። አዳማም ናዝሬትም፣ ባቱም ዝዋይም፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይትም በሚባልበት መስመር ላይ ታፔላ ቆራጭ ለሁለት ስም የሚሆን ቦታ ቢያስብ ጥሩ ነበር፤ ግን የቆርቆሮ ዋጋም አለ።

ወደ ልጁ እንመለስ። የክሊኒኩን መስኮት ሁሉ የሠራው በፕሌስ ነው። ሲማር የለመደው እንደዚያ ነበር። ቁልፍ በማውስ እየጎተቱ ቅጹ ላይ ማስቀመጥ፣ ሲያምር ፎቶ አንስቶ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ መለጠፍ። መመረቂያ ፕሮጀክት የሚታየው በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ የፊደል መጠን ነው፤ ፈታኙ ስለ ዳታቤዙ ይጠይቃል እንጂ ተነስቶ የመስኮቱን ጠርዝ አይጎትትም። ይህ የአንድ ልጅ ጥፋት አይደለም። በአሜሪካም በአውሮፓም እንዲህ የተሠሩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል።

ልጁ አንድ ተጨማሪ ነገርም አድርጎ ነበር። መስኮቱን ቆልፎታል። ቲኬ ውስጥ መስኮቱ በቁመትም በወርድም እንዳይለጠጥ የሚከለክል አንድ መስመር ትእዛዝ አለ። ሰው ጎትቶ እንዳያበላሸው ብሎ ነው ያስገባው። መስኮቱ አልተበላሸም፤ እትዬ ግን ስሙ ጠቦ ሲያዩ ማድረግ የሚችሉት ብቸኛ ነገር ተከለከሉ።

የስም ሳጥኑን ስፋት ደግሞ 20 ብሎ ሰጥቶታል። ቲኬ የጽሑፍ ሳጥንን ስፋት የሚቆጥረው በአማካይ ፊደል ነው፤ አማካዩ ደግሞ እንደ ዜሮ አኃዝ ያለ ጠባብ ነገር ነው። 20 ላቲን ፊደል የሚይዘው ሳጥን 20 የግእዝ ፊደል አይይዝም። «ሥ»፣ «ጠ»፣ «ሐ»፣ «ጭ» ሰፋ ብለው ነው የሚቀመጡት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ፊደሉ በየስልኩ አለ፤ የሚቀመጥበት ሳጥን ግን ብዙ ጊዜ አሁንም በሌላ ፊደል ልክ የተቆረጠ ነው። በዚያ ላይ የእኛ ሰው ሙሉ ስም ሲሞላ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ነው። ሳጥኑ ሲጠብ ሁልጊዜ የሚቆረጠው የመጨረሻው፣ ማለትም አያት ነው።

ችግሩ ስም ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳጥኑን ጥቂት ማስረዘም ይበቃ ነበር። ክሊኒኩ ግን በዚያው ሰሞን መስኮቱ ላይ አፋን ኦሮሞ ይጨመርልን ብሎ ልጁን ጠይቆት ነበር። አዳማ የኦሮሚያ ከተማ ናት፤ ከገጠር የሚመጣው በሽተኛ ብዙው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው፤ አዲስ የተቀጠረችው ተረኛም በቁቤ የተማረች ነች። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ ትውልድ አስተምሯል። በየካቲት 2012 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማሊኛንና አፋርኛን ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ አድርጓል። ፖሊሲው ስለ ፒክስል የሚለው ነገር የለም። ፖሊሲ ስክሪን ላይ ሲወርድ ግን የፒክስል ጉዳይ ይሆናል።

«የትውልድ ቀን» 7 ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ 11 ነው። በአፋን ኦሮሞ «ጉያ ዸሎታ» በቁቤ ሲጻፍ 15 ይደርሳል። «ስም» 2 ነው፤ «መቃ» በቁቤ 5። «ክፍያ» 3፤ «ከፈልቲ» 9። በእርግጥ የፊደል ቁጥር ስፋት አይደለም፤ አንድ የላቲን ፊደል ከአንድ የግእዝ ፊደል ይጠባል። ያም ሆኖ ልዩነቱ ይታያል። ይህ ደግሞ የአፋን ኦሮሞ ብቻ ዕጣ አይደለም። አይቢኤም ለትርጉም ሥራ ባወጣው የታወቀ መመሪያ ላይ፣ እስከ 10 ፊደል ያለው አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲዞር ከ200 እስከ 300 በመቶ የሚደርስ ቦታ ሊፈልግ እንደሚችል አስቀምጧል። አጭር ቃል ነው በብዙ የሚረዝመው፤ ቁልፍና መለያ ላይ የሚጻፈው ደግሞ አጭር ቃል ነው።

ልጁ መጀመሪያ የሞከረው ቃሉን ማሳጠር ነበር። «ጉያ ዸሎታ»ን ቆርጦ በነጥብ አሳጠረው። ተረኛዋ አይታ ሳቀች፤ እትዬ ደግሞ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ማሳጠር ለቁቤ ቀላል መድኃኒት አይደለም። በቁቤ የተደጋገመ ፊደል ጌጥ አይደለም፤ አናባቢ ሲረዝም ይደገማል፣ ተነባቢ ሲጠብቅ ይደገማል። «ለፈ» መሬት ነው፤ ሁለቱን አናባቢዎች አርዝመው «ላፋ» ካሉት ልል ነገር ነው። መጥፎ ማለትና ደጋ ማለት በቁቤ የሚለያዩት በአንዲት ተደጋጋሚ «ደ» ብቻ ነው፤ በግእዝ ፊደል ቢጻፉ ሁለቱም «በዳ» ናቸው፣ ማጥበቁ አይታይም። ስለዚህ ቃሉ የረዘመው ሥራ ስላለው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ፊደሉን ማሳነስ ነበር። ሁሉም ገባ። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ፤ ምንም አላሉም። ልጁ ፊደሉን ወደ ቦታው መለሰው።

ሦስተኛው ላይ ነው ወደ ሥሩ የወረደው። ፕሌስን ትቶ መስኮቱን በግሪድ መልሶ ሠራው፤ ቁልፉንም ፈታው። ግሪድ እንደ ሂሳብ ደብተር ረድፍና ዓምድ ነው። መለያዎቹ በአንድ ዓምድ፣ ሳጥኖቹ በሌላው። አሁን የመለያው ዓምድ ረጅሙን ቃል ራሱ ይለካል፤ ቋንቋ ሲቀየር ይሰፋል፣ ይጠባል። አፋን ኦሮሞው ሳይቆረጥ ተነበበ። ልጁ ደስ ብሎት መጣ።

እትዬ የመስኮቱን ጠርዝ ያዙና ጎተቱት። መስኮቱ ሰፋ። ሰፍቶም በስተቀኝ የሚያክል ግራጫ ባዶ ሜዳ ከፈተ። የስሙ ሳጥን ግን እዛው ግራ ጥጉ ላይ እንደ ጠበበ ቀረ። ገብረሥላሴ አሁንም «ገብረ» ነው፤ አጠገቡ ሌሎች አሥር ስሞች የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ተኝቷል።

«ቦታውማ አለ» አሉ እትዬ። «ለማን ነው የተተወው?»

ጥያቄያቸው ከብዙ የፕሮግራም መማሪያ ገጽ ይሻላል። በግሪድ እያንዳንዱ ዓምድ ዌይት የሚባል ክብደት አለው። ትርፍ ቦታ ሲመጣ የሚከፋፈለው በዚህ ክብደት ነው፤ አንዱ 1 ሌላው 2 ቢኖረው ሁለተኛው እጥፍ ያገኛል። ሠሪው ምንም ካላለ ደግሞ የሁሉም ክብደት ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት የጠየቀውን ያገኛል፣ ከትርፉ ግን ድርሻ የለውም ማለት ነው። የሁሉም ዜሮ ሲሆን ትርፉ ለማንም አይሆንም፤ ግራጫ ሆኖ ይቀመጣል። ማንም ክፉ ነገር አልወሰነም። ማንም ምንም ስላልወሰነ ነው እንዲህ የሆነው። ለዓምዱ ክብደት ከተሰጠ በኋላም ሌላ ነገር ይቀራል፦ ሳጥኑ የዓምዱን ግራና ቀኝ ጠርዝ እንዲይዝ ካልተነገረው ዓምዱ ይሰፋል፣ ሳጥኑ ግን መሃሉ ላይ እንደ ጠበበ ይንሳፈፋል። ቦታ መመደብና ቦታውን መያዝ በቲኬ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። የቢሮ ሰው ይህን አንብቦ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ለሁሉም ክብደት መስጠት ግን መፍትሔ አይደለም፤ እዚህ ላይ ልጁ ደህና አሰበ። የዕድሜ ሳጥን ከሦስት አኃዝ በላይ አይፈልግም። የስልክ ቁጥር 10 አኃዝ ነው፤ መቼም አይረዝምም። «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ እንደ አልጋ ቢለጠጥ ያስቃል እንጂ አይጠቅምም። ስለዚህ ስምና አድራሻ ክብደት ተሰጣቸው፤ ዕድሜ፣ ጾታና ስልክ ዜሮ ላይ ቀሩ። ዜሮ ራሱ ስድብ አይደለም፤ ሳያስቡ የተውት ዜሮ ነው ችግሩ። የክሊኒኩ አሮጌ ሞኒተርም ወርዱ 1024 ፒክስል ብቻ ስለሆነ ሁሉም እንደልቡ ቢሰፋ «አስቀምጥ» ከስክሪኑ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ረጅም መለያ በሁለት መስመር እንዲታጠፍ፣ መስኮቱም ከዚህ በታች አይጥበብ የሚባልበት ልክ እንዲኖረው ተደረገ። እናቶች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲያሰፉ ጫፉን አጥፈው እንደሚያስቀሩት ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይፈታል።

በዚያው ሲፈታታ አንድ ሌላ ነገር ተገኘ። የወር መምረጫው ተዘርዝሮ ሲከፈት ሰኔ ላይ ያበቃል። ልጁ 13ቱንም ወር አስገብቷል፤ ነገር ግን ይህ መምረጫ ሠሪው ካልነገረው በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 10 ረድፍ ብቻ ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜ ከታች ተደብቀዋል፤ በማውስ ካልተንከባለለ አይታዩም። እትዬ ተንከባሎ እንደሚገኝ ያውቁ ነበር። አዲሷ ተረኛ አታውቅም ነበር። ክረምት ላይ የተወለዱ ሰዎችን ምን ስትመዘግባቸው እንደሰነበተች ሲጠየቅ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ካርዶቹን ከመታወቂያ ጋር የማስተያየት ሥራ መጣ። ረድፉን 13 ማድረግ አንዲት ቁጥር መቀየር ነው። የተመዘገበውን ማረም ግን ቀናት ፈጀ።

እንዲህ ያለውን ነገር በሽተኛ ላይ ከመድረሱ በፊት የመያዣ ዘዴ አለ፤ ብዙም አያስከፍልም። አንድሮይድ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የሐሰት ቋንቋ የሚባል ነገር ተዘጋጅቶላቸዋል። እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሆን ብሎ ያስረዝመዋል፣ ፊደሉን በምልክት ያሸበርቀዋል። ማንም የሚናገረው ቋንቋ አይደለም፤ ሥራው ሳጥኖቹ ሲጨነቁ የቱ ጋ እንደሚቆርጡ ማሳየት ብቻ ነው። እኛ ጋ የሐሰት ቋንቋ እንኳ አያስፈልግም። አፋን ኦሮሞ አለ፣ ግእዝ ፊደል አለ፣ ሦስት ትውልድ የያዘ ስም አለ፣ 13ኛ ወር አለ። አንድ ፕሮግራም አዳማ ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት ሳይቆርጥ ከሠራ ብዙ ቦታ ይሠራል።

እናትየዋ በሳምንቱ ከመቂ ተመልሰው መጡ። እትዬ አስቀመጧቸው፣ ካርዳቸውን ከፈቱ፣ የመስኮቱን ጠርዝ ይዘው ጎተቱት። ሳጥኑ አብሮ ተለጠጠ፤ ሦስቱም ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል ወጣ። ልጁ ከኋላ ቆሞ ነበር። እትዬ አዲስ የሪፈር ወረቀት ከብሎኩ ገነጠሉ። ማተሚያ ቤት የታተመ፣ ለስም አንዲት አጭር ነጥብጣብ መስመር ያለው ወረቀት ነው። መጻፍ ጀመሩ። የራሳቸው ስምና የአባታቸው ስም መስመሩን ጨረሱት። እትዬ እስክሪብቶውን አነሱ፣ ወረቀቱን አዩት፣ ቀና ብለው ልጁን አዩት።

«ይሄኛውንስ ከየት ይዤ ልጎትተው?»

ከዚያ ወረቀቱን አዙረው በኅዳጉ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ «ገብረሥላሴ» ብለው ጻፉና ማኅተሙን ስሙ ላይ መቱበት።